ለጉዞ መጻሕፍት ተርጓሚዎች፣ አሳታሚዎችና ጠቃሾች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ተርጓሚዎች፣ አርታኢዎችና አሳታሚዎች፤ እንዲሁም ከእነዚህ መጻሕፍት እየቀነጨባችሁ በመማሪያ መጽሐፍና በመጽሔት የምታወጡ ሁሉ፤

የጥንት መንገደኞች መጻሕፍት በየጊዜው አዲስ ሽፋን እየለበሱ ይወጣሉ። ደስ ያሰኛል። ገልጠን መግቢያውን ስናይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የተጓዡን ስም፣ የተወለደበትን ዓመትና ስለ ድፍረቱ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ውዳሴ ነው። ብዕሩን የያዘው ማን እንደነበር፣ ከጉዞው ስንት ዓመት በኋላ እንደተጻፈ፣ ትርጉሙ ከየትኛው የእጅ ጽሑፍ እንደተነሣ፣ ቀኖቹ በማን አቆጣጠር እንደተቆጠሩ የሚነግረን የለም። አንባቢውም “ማርኮ ፖሎ እንዲህ አየ” ብሎ ይጠቅሳል፤ ጥቅሱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይዞራል፤ ስሕተቱ እየከረመ ሲሄድ ማስረጃ ይሆናል።

የጉዞ መጽሐፍ በብዙ እጅ ያለፈ ዕቃ ነው። በየትኞቹ እጆች እንዳለፈ ሳይነገር ለአንባቢ ባይሰጥ እንወዳለን። ይህን ለማድረግ ምን መመርመር እንዳለበት፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሳት፣ ለምንስ እንደሚሳት ከዚህ በታች ጽፈናል። በደብዳቤው ያሉት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የወራቱንም ስም ሆን ብለን አልተረጎምንም፤ ምክንያቱን ስለ ቀኖች ስናነሣ እንናገራለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ “እኔ” እያለ የሚናገረው ማነው የሚለው ነው። ማርኮ ፖሎ በ1271 ከቬኒስ ወጥቶ በ1295 ተመለሰ። መጽሐፉ የተጻፈው ግን በ1298፣ በጄኖዋ እስር ቤት፣ በፒዛው ሩስቲኬሎ እጅ ነው። ሩስቲኬሎ ከዚያ በፊት የንጉሥ አርተርን ፈረሰኞች ተረት የጻፈ ሰው ነበር፤ ለዚያ ተረት ያበጀውን መክፈቻ ቃል በቃል ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ለፖሎ መጽሐፍም ተጠቅሞበታል። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን የጦርነት ትረካዎች ስታነቡ የምትሰሙት የነጋዴውን ድምፅ ነው ወይስ የተረት ጸሐፊውን ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ስለ ጨው ግብር፣ ስለ ወረቀት ገንዘብ፣ ስለ ቅመም ዋጋ ሲናገር ነጋዴው ይሰማል፤ ጦር ሜዳ ላይ ሲደርስ ሩስቲኬሎ ብዕሩን ይነጥቀዋል።

ሞሮኳዊው መንገደኛ ኢብን ባጡጣም ራሱ አልጻፈም። በ1325 ከታንጀር ተነሣ፤ የመጨረሻውን ትልቅ ጉዞ ወደ ማሊ በ1352 ጀመረ፤ በፌዝ ከተማ በሱልጣኑ ትእዛዝ ለኢብን ጁዘይ እየተናገረ ሲያጽፍ ቆይቶ በዲሴምበር 1355 ጨረሰ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች 30 ዓመት ያለፈው ትዝታ ናቸው። በመንገድ ላይ የያዛቸው ጽሑፎች እንደተዘረፉበትም እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ይናገራል። ከዚህ ጋር ቻይናዊውን መነኩሴ ሹዋንዛንግን አስተያዩ፦ ከሕንድ ጉዞው በ645 ተመልሶ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ጥያቄ፣ ቢየንጂ የተባለው መነኩሴ ብዕር ይዞለት በ646 አስረከበ። በአንድ ዓመትና በ30 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ለአንባቢ ካልተነገረ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ባለቤቱ ሳያውቅ በስሙ የተጻፈው “እኔ” ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጀምስ ኩክ ከመጀመሪያው የዓለም ዙሪያ ጉዞው በ1771 ሲመለስ የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ማስታወሻዎቹን ለደራሲው ለሆክስዎርዝ ሰጠ። ሆክስዎርዝ በ6,000 ፓውንድ ክፍያ የኩክን ማስታወሻና አብሮት የተጓዘውን የተፈጥሮ ተመራማሪ የባንክስን ማስታወሻ አዋሕዶ፣ የራሱንም ሐሳብ ጨምሮ፣ ሁሉንም በኩክ አንደበት በ1773 አሳተመው። ኩክ መጽሐፉን ያነበበው ሁለተኛ ጉዞውን ከጀመረ በኋላ ነው፤ አልወደደውም። የራሱ ማስታወሻ የታተመው በ1893 ነው። የ1773ቱን እትም “ኩክ እንዲህ ይላል” እያለ የሚጠቅስ ሰው እንግዲህ የሦስት ሰዎችን ቃል ለአንዱ እየሰጠ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ቤንቶ ደ ጎይስ በ1602 ከአግራ ተነሥቶ በማዕከላዊ እስያ በኩል ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ቻይና አቀና። “ካታይ” የሚባለው አገርና ቻይና አንድ መሆናቸውን በየብስ አረጋገጠ፤ በ1607 ግን ቤጂንግ ሳይደርስ በቻይና ዳርቻ ከተማ ሞተ። የጉዞ መዝገቡ ውስጥ የነጋዴዎቹ ዕዳ ተጽፎበት ስለነበር ተቀዳደደ። ዛሬ የምናነበው የማኅበሩ ባልንጀራ ማቴዎ ሪቺ ቤጂንግ ሆኖ ከተረፈው ቁርጥራጭና ከአርመናዊው ባልደረባ ከይስሐቅ ቃል የገጣጠመውን ነው።

ስለዚህ በመግቢያው ላይ ሦስት ዓመቶችን እንድታስቀምጡ እንጠይቃለን፦ ነገሩ የሆነበትን፣ የተጻፈበትን፣ በእጃችን ያለው የጥንቱ ቅጂ የተገለበጠበትን። ለኤጄሪያ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲናንና ኢየሩሳሌምን ለተሳለመችው ሴት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ እየተጓዘች ለእኅቶቿ ትጽፍ ነበርና። ሦስተኛው ግን ወደ 700 ዓመት ገደማ ይርቃል፦ ያለን አንድ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን የአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። በ1884 በጣልያን በአሬትሶ ሲገኝ መጀመሪያውም መጨረሻውም ጠፍቶ ነበር፤ ስሟ እንኳ የታወቀው ሌላ ሰው ስለ እርሷ ከጻፈው ደብዳቤ ነው። ኢብን ፈድላን ከባግዳድ በቮልጋ ወንዝ ዳር ወደሚኖሩት ቡልጋሮች በ921 ሄደ፤ እስከ 1923 ድረስ ይታወቅ የነበረው ሌሎች ከቆነጠሩለት ጥቅስ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት በኢራን በመሽሀድ የተገኘው ጽሑፍም መጨረሻው የለውም። “ሙሉ ትርጉም” ብላችሁ ሽፋን ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ሙሉው ነገር መኖሩን አረጋግጡ።

ቅጂው ብዙ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የፖሎ መጽሐፍ ከ140 በላይ በሆኑ የእጅ ጽሑፎች ይገኛል፤ ሁለቱ እንኳ ፍጹም አንድ አይሆኑም። አንዱ ያሳጥራል፣ ሌላው ይጨምራል፣ የላቲኑ ተርጓሚ የራሱን ሃይማኖታዊ አስተያየት ጣል ያደርጋል። በ1932 ቶሌዶ ውስጥ የተገኘው የላቲን ቅጂ በሌሎቹ የሌሉ ብዙ አንቀጾች አሉት። ወደ ሞንጎሎች በ1245 የተላከው ፍራንሲስካዊው ካርፒኒ ይህንን በራሱ ዘመን አይቶታል፦ ሲመለስ በየገዳሙ ያልተጠናቀቀውን ረቂቅ እየወሰዱ ስለ ገለበጡት፣ የተሟላው ይኸኛው ነው ብሎ መጨረሻው ላይ ለመጻፍ ተገደደ። ከቤጂንግ አካባቢ ተነሥቶ፣ በ1287 የፋርስ ሞንጎሎች ገዥ (ኢልኻን) የአርጉን መልእክተኛ ሆኖ እስከ ፓሪስ የደረሰው መነኩሴ ራባን ሳውማ በፋርስኛ የጻፈው ጠፍቶ ወደ ሱርስት የተመለሰው ብቻ ቀርቷል፤ የሱርስቱ ጸሐፊ ማሳጠሩን ራሱ ይናገራል። ሐሰን አል ወዛን፣ አውሮፓውያን ሊዮ አፍሪካኑስ የሚሉት፣ ስለ አፍሪካ የጻፈውን በ1526 ጨርሶ የቬኒሱ አርታኢ ራሙሲዮ በ1550 አሳተመለት፤ በ1931 የእጅ ጽሑፉ ሮም ውስጥ ሲገኝ ግን ራሙሲዮ ሰዋስው አቃናሁ ሲል ሐሳቡንም እንደነካካው ታየ። ለአራት መቶ ዓመት ያህል ዓለም ያነበበው የታረመውን ሊዮን ነው።

እንግዲህ “ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ” የሚለው ብቻ አይበቃም። እንግሊዝኛው ከየትኛው የእጅ ጽሑፍ ወይም ከየትኛው የታተመ ጽሑፍ እንደመጣ አንድ መስመር ጨምሩበት። የሁለት የተለያዩ ቅጂዎችን ንባብ የሚያዋሕዱ የእንግሊዝኛ እትሞች አሉ፤ እነዚህ ለማንበብ ይጥማሉ፤ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ግን በየትኛውም ዘመን አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተጓዡ ያየውን፣ የሰማውንና ከሌላ መጽሐፍ የቀዳውን መለየት ትልቁ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚታለፈው ይኸው ነው። ጥንታውያኑ ራሳቸው ልዩነቱን ያውቁት ነበር። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ ግብፅ ሲጽፍ እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ባየሁት፣ በፈረድኩትና በጠየቅሁት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ግን ግብፃውያን የነገሩኝን እጽፋለሁ ብሎ መስመር ያሰምራል። የሹዋንዛንግ መጽሐፍ መቅድም ከ138 አገሮች 110 ያህሉን በእግሩ እንደረገጠ፣ 28ቱን በወሬ እንደሰማ ይለያል። ዛሬ የምናሳትም ሰዎች ከእነርሱ ብናንስ ያሳፍራል።

በተግባር የምንመክረው ይህ ነው፦ በኅዳጉ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ተጠቀሙ፤ ላየው “አ”፣ ለሰማው “ሰ”፣ ለቀዳው “ቀ”። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ባዶ ተዉት። ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ያየ ሰው ስለ ማደሪያው፣ ስለ ውኃው ጣዕም፣ ስለ ቀረጡ፣ ስለታመመበት ቀን ያወራል። የሰማ ሰው ስለ ንጉሡ ሠራዊት ብዛትና ስለ ቤተ መንግሥቱ ወርቅ ያወራል። 10,000፣ 40,000፣ 100,000 የመሳሰለ ክብ ቁጥር ሲደጋገም ቆጠራ ሳይሆን “እጅግ ብዙ” ማለት ነውና በግርጌ እንደ ሕዝብ ቆጠራ አታብራሩት።

ሁለተኛው ምልክት የጊዜ ሒሳብ ነው። በሁለት የተረጋገጡ ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት ለቀኖቹ ቁጥር አካፍሉ። የጫነ የግመል ቅፍለት በቀን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሠረገላ ከዚያ አይበልጥም። ኢብን ባጡጣ በሰሜን ካውካሰስ ካለው ከቤሽዳግ ተነሥቶ በ10 ቀን የቮልጋዋ ከተማ ቡልጋር ደረስኩ ይላል። በመካከላቸው ያለው በቀጥታ መስመር እንኳ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው፤ ተመራማሪዎች ያንን ጉዞ የማይቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና ይህን ሚዛን በጭፍን አትጠቀሙበት፦ ሞንጎሎቹ በየጣቢያው ፈረስ ይቀይሩለት ለነበረው እንደ ካርፒኒ ያለ መልእክተኛ አይሠራም።

ሦስተኛው ምልክት መመሳሰል ነው። የኢብን ባጡጣ የደማስቆ ገለጻ በብዛት ከኢብን ጁበይር መጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ አንዳንዴ በስም ተጠቅሶ፣ ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ። ኢብን ጁበይር ደማስቆን ያየው በ1184፣ ኢብን ባጡጣ በ1326 ነው። ስለዚህ “በ1326 የደማስቆ መስጊድ እንዲህ ነበር” ብሎ የሚጠቅስ ሰው የ142 ዓመት ስሕተት ይሠራል። ይህ ግን የሌብነት ክስ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ቀዳሚው በጥሩ ቋንቋ የገለጸውን መልሶ ማስገባት እንደ ነውር አይታይም ነበር፤ ጸሐፊው ኢብን ጁዘይም አድማጩን ያስደስታል ብሎ ያደረገው ነው። የኛ ሥራ መክሰስ ሳይሆን ዓመቱን ማስተካከል ነው።

ፈጽሞ ያልሄደውስ? በ1350ዎቹ በፈረንሳይኛ የወጣው የማንደቪል መጽሐፍ ከኦዶሪክና ከቦልደንዘሌው ዊልያም የጉዞ ጽሑፎች የተሰበሰበ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው፣ ማንደቪልም የማያውቁትን አንባቢዎች አግኝቶ ቁርበቱ ተነጠፈለት፤ የእጅ ጽሑፎቹ ወደ 300 ይደርሳሉ፣ ከፖሎ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ይህን መጽሐፍ አትተርጉሙ አንልም። እንዲያውም የዘመኑ ሰው ስለ ሩቅ አገር ምን መስማት ይፈልግ እንደነበር ከእርሱ የበለጠ የሚነግረን የለም። በኅዳጉ ግን ከዳር እስከ ዳር “ቀ” ይሁን።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ብርቱ ልመና አለን፦ የማይመስለውን ነገር አትቁረጡ። ሄሮዶቱስ ፊንቄያውያን አፍሪካን በባሕር ዞሩ የሚለውን ወሬ ሲያስተላልፍ፣ በደቡብ በኩል ወደ ምዕራብ ሲቀዝፉ ፀሐይ በስተቀኛቸው ነበረች አሉ፤ እኔ ይህንን አላምንም ብሎ ጻፈው። ከምድር ወገብ በታች ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ሰው የቀትር ፀሐይ በእርግጥ በሰሜን፣ በቀኝ በኩል ናት። ሄሮዶቱስ ያላመነው ነገር የጉዞው ዋና ማስረጃ ሆነ። እርሱ “አይመስልም” ብሎ ቢሰርዘው ኖሮ ምንም ባልቀረን ነበር። ጀምስ ብሩስም በ1770 የዓባይን ምንጭ አይቶ በ1774 ለንደን ሲደርስ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ብዙዎች ተረት ነው ብለው ሳቁበት፤ መጽሐፉ እስከ 1790 ድረስ አልታተመም። የሳቁበት ብዙው ነገር በኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ያልሳቁበት፣ ማለትም ከእርሱ በፊት አውሮፓዊ ምንጩን አላየም የሚለው ሐሰት ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶበታልና።

የአገሩን ሰው የሚያንቋሽሽ ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥማችሁም እንዲሁ። አለስልሳችሁ አትተርጉሙት፣ አትዝለሉትም። የተጓዡ ንቀት የት ቦታ ዓይኑን እንደጋረደው የሚታየው በዚያ ነው።

ስለ ቀኖች። እዚህ ላይ የሚሠሩት ስሕተቶች ብዙዎቹ ከትርጉም የሚመጡ በመሆናቸው ረዘም አድርገን እንጽፋለን።

ጁንን “ሰኔ”፣ ጁላይን “ሐምሌ” ብሎ መተርጎም የተለመደ ስሕተት ነው። ዛሬ ጁን 14 ሰኔ 7 ነው እንጂ ሰኔ 14 አይደለም። ከ1582 በፊት ላለ ቀን ደግሞ የዛሬው ሰንጠረዥ ራሱ ያሳስታል። አውሮፓ ያኔ የምትቆጥረው በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር፤ በዩልዮስና በኛ አቆጣጠር መካከል ያለው የቀን ልዩነት ደግሞ አይለወጥም። ስለዚህ የ1325 ጁን 14 ሰኔ 20 ቀን 1317 ዓ.ም. ይሆናል። በዛሬው ሰንጠረዥ ብትሄዱ ሰኔ 7 ይወጣላችኋል፤ 13 ቀን ሳታችሁ ማለት ነው።

የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1582 ሲገባ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ያለው ቀን ኦክቶበር 15 ተባለ። ሁሉም አገር ግን በአንድ ቀን አልተቀበለውም። እንግሊዝ እስከ 1752፣ ሩስያ እስከ 1918 ድረስ በአሮጌው ቆዩ። ልዩነቱ እስከ 1700 ድረስ 10 ቀን፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት 11፣ በአሥራ ዘጠነኛው 12፣ በሃያኛው 13 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ1752 በፊት አዲሱ ዓመት ይገባ የነበረው ማርች 25 በመሆኑ፣ በፌብሩዋሪ የተጻፈ የእንግሊዛዊ ደብዳቤ የዓመቱ ቁጥር በአንድ ሊያንስ ይችላል። በአንድ ከተማ የተገናኙ እንግሊዛዊና ፈረንሳዊ መንገደኞች ስለ አንድ ግብዣ በተለያየ ቀን ቢጽፉ ከሁለት አንዱ ዋሽቷል ብላችሁ አትፍረዱ።

የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ 33 የሂጅራ ዓመት ወደ 32 የፀሐይ ዓመት ይጠጋል። “በ22 ዓመቴ ከቤት ወጣሁ” የሚለው ተጓዥ በፀሐይ አቆጣጠር 21 ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ሲሆን ወሩም በጨረቃ መታየት ስለሚገባ፣ በሒሳብ የተሠራ ሰንጠረዥ በአንድ ቀን፣ አልፎ አልፎም በሁለት ሊሳሳት ይችላል። እዚህ ላይ የሚያድናችሁ የሳምንቱ ቀን ስም ነው። ኢብን ባጡጣ ከታንጀር የወጣሁት ሐሙስ፣ ረጀብ 2 ቀን 725 ዓመተ ሂጅራ ነው ይላል። ሰንጠረዡ ጁን 14 ቀን 1325 ይሰጣል፤ ብዙ መጻሕፍትም እንዲሁ ይጽፉታል። ያ ቀን ግን ዓርብ ነው። ሐሙስ የዋለው ጁን 13 ነው። ሰው የወሩን ቁጥር ይረሳል እንጂ ቀኑ ሐሙስ መሆኑን አይረሳም፤ ስለዚህ ቁጥሩና ስሙ ሲጋጩ ለስሙ አድሉ።

የባሕር ላይ ማስታወሻ ሌላ ነው። በእንግሊዝ መርከቦች እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ የመርከብ ቀን የሚጀምረው በቀትር ነበር፤ ማክሰኞ የሚባለው ከሰኞ ቀትር እስከ ማክሰኞ ቀትር ነው። ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሆነ ነገር “ማክሰኞ” ተብሎ ይመዘገባል። ዓለምን የዞረ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ያጎድላል ወይም ይጨምራል። ከማጌላን ጉዞ ከተረፉት አንዱ ፒጋፌታ በጁላይ 1522 ኬፕ ቨርዴ ሲደርስ የእርሱ መዝገብ ረቡዕ ይላል፤ በደሴቱ ላይ ግን ሐሙስ ነበር። አንድም ቀን ሳልዘል ጽፌያለሁ እያለ ተደነቀ፤ እውነቱንም ነበር። ወደ ምዕራብ እየተጓዙ ፀሐይን ተከትለው ስለዞሩ አንድ መውጫዋን አጥተዋል። ኩክም የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ ጠረፍ ያየሁት ኤፕሪል 19 ቀን 1770 ነው ብሎ መዝግቧል፤ በዛሬው አቆጣጠር በዚያ ቦታ ኤፕሪል 20 ነበር። እንዲህ ያለውን በጽሑፉ ውስጥ አታርሙ። ተጓዡ የጻፈውን ትታችሁ ትክክለኛውን በግርጌ አስቀምጡ።

ርቀትን በተመለከተ ሕጋችን አጭር ነው፦ የተጓዡን መለኪያ በጽሑፉ ውስጥ ተዉት፤ ኪሎ ሜትሩ በግርጌ፣ “ከዚህ እስከዚህ” እየተባለ ይግባ። ፈርሰኽ 3 የዐረብ ማይል፣ በዛሬው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ነው። የቻይናው ሊ በየሥርወ መንግሥቱ ተለዋውጧል። “3 ፈርሰኽ” የሚለውን “16.5 ኪሎ ሜትር” ብሎ መተርጎም መንገደኛው ያልነበረውን ሜትር በእጁ ማስያዝ ነው። የማይል ስም አንድ መሆኑ ምን እንደሚያመጣ ኮሎምበስ ምስክር ነው። የኮከብ ተመራማሪው የአል ፈርጋኒ ጽሑፍ አንድ ዲግሪ 56⅔ ማይል ነው ይላል፤ በዐረብ ማይል፣ ወደ 2 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው። ኮሎምበስ በ1,480 ሜትሩ የሮማ ማይል አሰበው፤ ምድርንም ሩብ ያህል አሳነሳት፤ እስያ በምዕራብ በኩል ቅርብ ናት ያሰኘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በዲግሪ የተሰጠ ቦታ ካለ ደግሞ የሰሜን ደቡቡን ልክ ከምሥራቅ ምዕራቡ የበለጠ እመኑት። የመጀመሪያው በቀትር ፀሐይ ወይም በሰሜን ኮከብ ከፍታ ይለካል። ሁለተኛው ግን ሰዓት ይጠይቃል፦ የ4 ደቂቃ ስሕተት አንድ ዲግሪ፣ በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ነው። በባሕር ላይ የሚታመን ሰዓት የተገኘው በሰዓት ሠሪው በሐሪሰን ሥራ በ1760ዎቹ ሲሆን ኩክ በ1772 በጀመረው ጉዞ ቅጂውን ይዞ ሄደ። መነሻ መስመሩንም አጣሩ። ግሪኒች የጋራ መነሻ የሆነው በ1884 ነው፤ ከዚያ በፊት ፈረንሳዊ ከፓሪስ፣ ጀርመናዊ ብዙ ጊዜ በካናሪ ደሴቶች ካለችው ከፌሮ ይቆጥር ነበር። ፓሪስ ከግሪኒች በ2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ወደ ምሥራቅ ናት፤ ይህን ሳያስተካክሉ ካርታ ላይ ማስፈር ከተማን ወንዝ ውስጥ ይጥላል።

ስለ ስሞች ፊደላችን የሰጠንን ዕድል አታባክኑ። ዐረብኛው ባጡጣ በጠንካራው “ጠ” ነው፤ እንግሊዝኛ ይህ ድምፅ ስለሌለው “ት” አደረገው፤ እኛ “ጠ” እያለን “ባቱታ” የምንለው ለምንድን ነው? “ቀ”፣ “ጸ”፣ “ሐ”ም እንዲሁ። የቻይንኛውን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ደግሞ “ጂየንቱዎሉዎ” የሚል አገር ያጋጥመዋል። ይህ ሹዋንዛንግ ጋንዳራ የተባለውን የጥንት አገር በቻይንኛ ፊደል የጻፈበት መንገድ በዛሬው አነባበብ ሲነበብ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ጋንዳራ ይበል፣ ሌላው በግርጌ ይሁን። በዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ ነጥቦች ሲዘለሉ “በ”፣ “ተ”፣ “ነ”፣ “የ” አንድ ይመስላሉ፤ ከካርታ ላይ የማይገኝ የወንዝ ስም ሲገጥማችሁ ነጥቦቹን እያቀያየራችሁ ሞክሩ።

በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ስማቸው የማይወጣ ሰዎች አሉ፦ አስተርጓሚዎችና መንገድ መሪዎች። በ1253 ወደ ሞንጎሎች የሄደው መነኩሴ ሩብሩክ ቋንቋውን ትንሽ ሲለምድ አስተርጓሚው የተናገረውን ትቶ የመጣለትን ይናገር እንደነበር ተረዳ፤ መረዳቱን ስለጻፈልንም የቀደመውን ንግግር በጥርጣሬ እንድናነብ ረድቶናል። ናይን ሲንግ በ1866 ላሳ ሲደርስ ለሕንድ የመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት እርምጃውን እየቆጠረ ነበር። መቁጠሪያው እንደ ደንቡ 108 ፍሬ ሳይሆን 100 ፍሬ ነበረው፤ በየ100 እርምጃው አንድ ፍሬ እየጣለ አንድ ዙር ሲሞላ 10,000 እርምጃ፣ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ማስታወሻውን በጸሎት መንኮራኩር ውስጥ ይደብቅ ነበር። ዘገባው መጀመሪያ ሲታተም ግን ስሙ ሳይገለጥ “ፓንዲቱ” (ሊቁ) ተብሎ ነው። ኒቡርም አለ፦ በ1761 ከዴንማርክ ወደ ዐረብ አገር ከተላኩት ስድስቱ በሕይወት የተመለሰው እርሱ ብቻ ነው። በ1765 ፐርሰፖሊስ ላይ ማንበብ የማይችለውን የኩኔይፎርም (የሽብልቅ ቅርጽ) ጽሑፍ ምልክት በምልክት ገለበጠ፤ በ1802 ግሮተፈንድ መፍታት የጀመረው በዚያ ቅጂ ላይ ተመሥርቶ ነው። ሥዕሎችንና የተገለበጡ ጽሑፎችን ቦታ ለመቆጠብ የምታስወጡ አሳታሚዎች ይህን አስቡ። ተጓዡ ያልገባው ነገር ለሌላው ቁልፍ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ መጽሐፍ መዝገብ ሳይሆን ኪነ ጥበብ መሆኑንም ማወቅ ይገባል። ጃፓናዊው ባለቅኔ ባሾ በ1689 ስላደረገው የሰሜን ጉዞ ሲጽፍ፣ በሦስተኛው ወር በ30ኛው ቀን ኒኮ ተራራ ሥር አደርኩ ይላል። በዚያ ዓመት ሦስተኛው ወር 29 ቀን ብቻ ነበረው። አብሮት የተጓዘው የሶራ ማስታወሻ በ1943 ሲታተም ባሾ ቀኖችን እንዳቀያየረ በግልጽ ታየ። ይህን ስሕተት ብሎ ማረም ቅኔን በሰዋስው መቅጣት ነው፤ የሶራን ቀን በግርጌ አስቀምጣችሁ 30ኛውን ቀን ለባሾ ተዉለት።

በመጨረሻ ካርታውን። አብዛኞቹ እትሞች የተጓዡን መንገድ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ወፍራም ቀይ መስመር ያሰምራሉ። ሦስት ዓይነት መስመር ተጠቀሙ፦ ያልተቋረጠ፣ ቀኑና ቦታው በራሱ ጽሑፍ ለተረጋገጠው፤ የተቆራረጠ፣ ሁለት ከተሞች ተጠቅሰው በመካከላቸው ያለው መንገድ ለተገመተው፤ ነጠብጣብ፣ ተጓዡ ሄድኩ ብሎ የጊዜው ሒሳብ ለማይፈቅደው። ከቤሽዳግ እስከ ቡልጋር ያለው ነጠብጣብ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፤
የጉዞ ጽሑፎችን የምናመሳክር አንባቢዎች